ሦስተኛውን ማርሽ የያዘ እጅ

ከጡብ ፋብሪካው ወደ ከተማው የሚወርደው መንገድ ሰባት ኩርባ አለው። ጡብ የጫነ መኪና ሁሉ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከመድረሱ በፊት ቀዝቀዝ ይልና ሦስተኛ ማርሽ ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ጭነቱን ወደ ኋላ ስቦ የሚይዘው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ፍሬን የሚረገጠው ለእርዳታ ያህል ነው። በአሮጊቷ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ልጅቷ ማርሹን ታስገባለች፤ አባቷ ደግሞ ከጎኗ እንደተቀመጠ ግራ እጁን ዘርግቶ የማርሹን ዘንግ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

«ያዝኳት» ይላል።

«በደንብ?»

«በደንብ ነው እንጂ! አንቺ መንገድሽን እዪ።»

አሮጊቷ የሚሏት መኪናዋን ነው። ዕድሜዋ ከልጅቷ በአራት ዓመት ይበልጣል፤ ሰማያዊ ቀለሟ ፀሐይ በልቶት ወደ ግራጫ አድልቷል። የናፍጣ ሞተሯ ዛሬም በጠዋት አንዴ ሲነኩት ይነሳል። ነገር ግን ካሏት አምስት ማርሾች ሦስተኛው ከከዳት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ሲገፋት ማርሹ ጧ ብሎ ይወጣና ዘንጉ መሀል ላይ ይቆማል፤ ሹፌሮች ፎሌ የሚሉት፣ ሞተርና ጎማ የማይተዋወቁበት ቦታ። ያን ጊዜ መኪናዋ መኪና መሆኗ ይቀርና ከተራራ አናት የተለቀቀ በርሜል ትሆናለች። አባትየው ሰባቱንም ኩርባ ዘንጉን እንደጨበጠ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሰባተኛው አልቆ የጎማ ጠጋኙ ቤት ብቅ ሲል ልጅቷ «ልቀቃት» ትላለች። እሱም ይለቅና ጣቶቹን አንዴ አራግፎ፣ የቀኑን ሥራ እንደ ጨረሰ ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

ሹፌሮች ሁሉ አባትየውን «ጆሮ» ነው የሚሉት። ሻይ ቤት ውስጥ ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ፣ ያለፈው መኪና የማን እንደሆነና ምኑን እንደሚያመው ይናገራል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ገመድ ሲያጠብቅ ከጭነት ላይ ወደቀና ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳም አለ። የአሮጊቷ ማርሽ ደግሞ ደረቅ ነው፤ የሚገባው በእጅ ሳይሆን በትከሻ ነው። ስለዚህ በውሃ ቢሮ መዝገብ ቤት ትሠራ የነበረችው ልጁ «ለሦስት ወር ብቻ» ብላ መሪውን ተቀበለች። ሦስት ወሩ ሁለት ዓመት ሆነ። ቢሮ ውስጥ ዝምታዋን እንደ ኩራት የሚቆጥሩባት ነበሩ። ጋቢና ውስጥ ግን ማንም ተናገሪ አይላትም፤ ሞተሩ ስለ ሁሉም ይናገራል።

«ሹፌር ነበርኩ፤ ሠርቼ ሠርቼ ወደ ረዳትነት አደግሁ» ይላል አባትየው ለጠየቀው ሁሉ።

መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጣት ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነበር። ከጎኑ ተቀምጣ፣ ሳይታወቃት ትንሽ እጇን የማርሹ ዘንግ ላይ ብታሳርፍ ጣቶቿን መታ አደረጋቸውና «እጅ!» አላት። «ማርሽ የክንድ ማሳረፊያ አይደለም። አስገቢና ልቀቂ።» እጇን ሰብስባ ጭኗ ሥር ከተተች። ከዚያ በኋላ ምንም ቢያስተምራት እንደዚያች ቃል የተተከለባት የለም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አራተኛው ኩርባ ላይ፣ ማርሹ ከነእጁ ወጣ።

አባትየው አልለቀቀም ነበር። ዘንጉ ነው የጨበጠውን እጅ ይዞ ወደ መሀል የተመለሰው። የሞተሩ ድምፅ በድንገት ቀለለ፤ መኪናዋ ግን ከበደች። ልጅቷ ፍሬኑን ረገጠች። አባቷ በሁለት እጁ ዘንጉን እየገፋ ሲታገል፣ ማርሹ እንደ ብረት መጋዝ ሲጮህ፣ «ተወው! ተወው አባዬ!» አለች። በሕይወቷ ስትጮህበት የመጀመሪያዋ ነበር። ደንግጦ ተወው። ፍሪሲዮኑን ረግጣ ለቀቀች፣ ነዳጅ ሰጠች፣ ሞተሩ ከጎማው ጋር እኩል የሚሮጥበትን ድምፅ ጆሮዋን ጥላ ጠበቀች፣ ደግማ ረገጠች፣ ዘንጉን መራችው። ገባ። የቀሩትን ሦስት ኩርባዎች አንድ እጇን መሪ ላይ፣ አንድ እጇን ዘንጉ ላይ አድርጋ ወረደች።

ጎማ ጠጋኙ ቤት አጠገብ ሲቆሙ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ጋቢናውን ሞልቶት ነበር። አባትየው መዳፉን ገልብጦ ያያል።

«ላብ ነው» አለ። «ላብ ባይሆን አትወጣም ነበር።»

«አባዬ፣ ቀጭኑ ጋ እንውሰዳት።»

«ለምን?»

«ለካምቢዮው ነዋ፤ ለማርሽ ሳጥኑ።»

«ለላብ መካኒክ ምን ያደርጋል? ነገ ጓንት አደርጋለሁ።»

ልጅቷ ጡቡን አራግፋ መሪውን ወደ ጋራዡ አዞረች።

ቀጭኑ የሚባለው መካኒክ ከጋራዡ ጉድጓድ ሲወጣ ሁለት ሰው የሚጎትተው ሰውዬ ነው። አሮጊቷን እስከ ዋናው መንገድ ነድቶ ተመለሰ፤ ከጋቢናው ወርዶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ልጅቷን ትቶ አባቷን አየ።

«ጋሽ ጆሮ፣ እርስዎ ይህን ሳይሰሙ ቀርተው ነው?»

«ሰምቻለሁ። አንተ ንገራት።»

«ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ይህንኑ ካምቢዮ እፈታና የተበላ የተበላውን እለውጣለሁ። ዕቃው ግን አይመረትም፤ ከሞቱ መኪናዎች ሆድ የሚለቀም ነው። ለስንት ወር እንደሚሆን አላውቅም። ሁለተኛው ያውና።» ሸራ የለበሰ ነገር ጥግ ላይ ተቀምጧል። «ባለ ስድስት ማርሽ ነው። ከዚያው ፋብሪካ መኪና የወጣ፣ ዕድሜው ግን ያንሳል። የአሮጊቷ የእህት ልጅ ነው በሉት። መያዣውን አስተካክላለሁ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አንድ ጋት አሳጥራለሁ፣ አለቀ። ማርሹ በሁለት ጣት ነው የሚገባው።»

«ባለ ስድስት?» አለ አባትየው። «አምስቱን መቼ ጨረስናቸው?»

«አራት ብቻ ነው የቀረዎት እኮ!»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። አሮጊት ላይ የኮረዳ ጉልበት ብትገጥምባት ወገቧን ነው የምትሰብራት።»

«ወገቧስ ደህና ነው ጋሼ። የሄደው ጉልበቷ ነው።»

«ቢሄድስ? የሚይዝላት ሰው አለ።»

ይህን ያለው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። መካኒኩ አልሰማውም፤ ልጅቷ ሰማችው። ወዲያው አልገባትም። 

«ፈትተህ እየው ጋሽ ቀጭኑ» አለች። «ቅዳሜ መጥተን እንወስናለን።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ልጅቷ ከባልዲው ሸሚዝ እያነሳች ታቀብላት ጀመር። አባቷ ስለ ካምቢዮው ያለውን ሁሉ ነገረቻት፤ «ጓንት አደርጋለሁ» ያለውንም ሳይቀር። እናትየዋ አልሳቀችም።

«ትከሻው የተሰበረ ጊዜ ስድስት ወር ያን መስኮት አልለቀቀም» አለች። «ያለፈ መኪና ሁሉ እየታመመ ይሰማዋል፤ የሚነግረው ሰው ግን ከኔ በቀር የለም። እኔ ደግሞ 'ቺንጊያው ላልቷል' ቢለኝ ምን አውቄ? 'እግዜር ይማረው' እላለሁ። ያቺ ማርሽ መውጣት ስትጀምር ነው ሰውዬዬ የተመለሰልኝ። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ 'ዛሬ ሁለት ጊዜ ያዝኩላት' ይለኛል።»

ልጅቷ ሸሚዙን እንደያዘች ቆመች።

«ታዲያ ምን ትመክሪኛለሽ?»

«እኔ? እኔ ሁለታችሁም በእግራችሁ ቤቴ እንድትገቡ ነው የምፈልገው። የቀረውን ሹፌሮቹ ተመካከሩ። ያን ሸሚዝ አምጪ፣ በእጅሽ ደረቀ።»

እስከ ቅዳሜ ሥራ አልነበረም። ልጅቷ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ነገሩን በልቧ አመላለሰችው። ካምቢዮው ከተቀየረ የአባቷ እጅ ሥራ ይፈታል። ለጥቂት ቀን አብሯት ይወጣል፤ ከዚያ አንድ ጠዋት «ዛሬ ቤት ጉዳይ አለብኝ» ይላል፤ በሦስተኛው ጠዋት ጉዳይ መፍጠሩንም ይተዋል። መስኮቱ ደግሞ የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው። ካምቢዮው ካልተቀየረ ግን አራተኛው ኩርባም የትም አልሄደም። አንድ ጊዜ እንዲህ ብላ አሰበች፤ ቀጭኑን ለብቻው ጠርቼ፣ ማርሹ ብዙም እንዳይወጣ፣ ግን የሚይዘው ሰው እንዲያስፈልገው አድርጎ እንዲጠግነው ብለምነውስ? አስባው ስታበቃ በሐፍረት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ቢሆንም ሐሳቡን ወዲያው አልጣለችውም።

ቅዳሜ ሲደርሱ የአሮጊቷ ካምቢዮ ጠረጴዛ ላይ ሆዱን ተከፍቶ ተኝቷል። ቀጭኑ በሩ ላይ ተቀበላቸው፤ ፊቱ ሌባ እንደያዘ ዘበኛ በርቷል።

«ይኸውላችሁ ጥፋተኛው!» አለና ሁለት እግር ያለው ብረት አነሳ። «ሹካ እንለዋለን። ማርሹን ገፍቶ የሚያስገባው ይሄ ነው። እዩት እስቲ፣ አንደኛው እግሩ ያለቀ ሳሙና መስሏል።»

«ለምን አለቀ?» አለ አባትየው።

«መጀመሪያ ማርሿ ትንሽ ታማ ነበር፤ እሱ የዕድሜ ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ይህን ያህል የጨረሳት ግን እጅ ነው።»

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሹካው ማርሹን ካስገባ በኋላ ማረፍ አለበት» ቀጠለ ቀጭኑ። «ዘንጉ ላይ እጅ ካለ ግን አያርፍም፤ መንገዱን ሙሉ እየተፋተገ ይበላል። በተበላ ቁጥር ማርሹ ይወጣል።»

ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ ደግማ ጠረገች።

«ብርድ መታሽ እንዴ እህቴ? ምን ልል ነበር… አዎ፣ እጅ። እኔ እኮ ገርሞኝ ነው። በጆሮ ቤት፣ ምን ዓይነት ጀማሪ ነው እጁን እያሳረፈ የሚነዳው?»

አባትየው ሹካውን ከመካኒኩ እጅ ተቀበለ። በግራ አውራ ጣቱ ያለቀውን እግር ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ጋራዡ ውስጥ የሆነ ቦታ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል።

«ጀማሪው እኔ ነኝ» አለ።

ቀጭኑ ጨርቁን ፈልጎ እጁን ይጠርግ ጀመር።

«አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ስቆጣበት የኖርኩትን፣ ዓመት ከመንፈቅ በገዛ እጄ ሠራሁት። የያዝኳት መስሎኝ ስበላት ነበር።»

«እጅህ ባይኖር እስከ ዛሬም አንደርስም ነበር» አለች ልጅቷ።

አባትየው ቀና ብሎ አያት። ለማጽናናት ያለችው እንዳልሆነ ፊቷ ላይ ፈልጎ አገኘው።

«እሱም እውነት ነው» አለ። «ሁለቱም እውነት መሆኑ ነው የሚያናድደው።» ሹካውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «በይ እንግዲህ አለቃ። መሪው ያንቺ ነው፤ ወስኚ።»

ልጅቷ ሰው አተኩሮ ሲያያት አትወድም። ሁለቱም ያዩዋታል። ለቀጭኑ ልታቀርብለት የነበረው ልመና ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ሹካው ላይ ዓይኗ ሲያርፍ ተመለሰ።

«ስድስቱን ግጠምልን» አለች።

«እ?» አለ ቀጭኑ።

«ባለ ስድስቱን ግጠምልን!» ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ግን መጀመሪያ አባዬ ያድምጠው።»

«እኔ አይቼዋለሁ እኮ! ከውስጥም ከውጭም!»

«አንተ አየኸው። እሱ ደግሞ ይስማው።»

ቀጭኑ እያጉረመረመ ሸራውን ገፈፈ። አባትየው ረጅም ካቻቢቴ ለመነ። ጫፉን የካምቢዮው ገላ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጭኑ በእጁ ያሽከረክራል፤ አባትየው ካቻቢቴውን ሐኪም የሕመምተኛ ጀርባ እንደሚያዳምጥ ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል።

«ቀስ በል… መልሰው… አሁን እንደገና።» ወደ ኋላ ጫፍ ሄደ። «እዚህ ጋ። በየዙሩ አንዴ ቅጭ ትላለች። ኩሽኔታ ነው።»

«ምንም አይልም!»

«አንተን አልጠየቅሁም፤ ብረቱን ነው።»

ቀጭኑ ክዳኑን የፈታው ሊያሳፍረው ነበር። ኩሽኔታውን አወጣ፣ በናፍጣ አጠበ፣ በውስጡ የሚሽከረከሩትን የብረት ጥይቶች አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አዞራቸው። አንዷ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የማታክል ጉድጓድ ነበረች። ጉድጓዷን በጥፍሩ ዳበሳት።

«በሁለት ወር ውስጥ ይጮህብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያሉ የምገጥመውን ሁሉ ቢያዳምጡልኝስ?»

«ጡብ ከሌለን» አለ አባትየው፣ ካቻቢቴውን እየመለሰ። ከንፈሩ ዳር ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ቅዳሜ ጡብ ካለ ግን ሥራ ላይ ነኝ።»

ቀጭኑ በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ብሎ በዘጠኝ ቀኑ ጨረሰ፤ ለመካኒክ ይህም ቸኩሎ ነው። ማርሹን የሞከሩት እዚያው ቆመው ነው። ዘንጉ ቅቤ ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ወዲያ ወዲህ አለ። ልጅቷ ማንም ሳያያት ከመቀመጫው እስከ ዘንጉ እጀታ በስንዝሯ ለካች።

በማግስቱ ጡብ ጭነው ወረዱ። የመጀመሪያው ኩርባ ሲቀርብ ሦስተኛውን አስገባች። የአባቷ ግራ እጅ ከጉልበቱ ተነሳ፤ መንገድ አጋምሶ አየር ላይ ቆመ፤ ተመለሰ። አባትየው እጁን ጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠበት። ልጅቷ አላየሁም ብላ ፊት ለፊት አየች። አራተኛው ኩርባ አለፈ። ዘንጉ እንደ ችካል ተተክሎ ቀረ። ጎማ ጠጋኙ ቤት ብቅ ሲል ሳታስበው ከአፏ አመለጣት፤

«ልቀቃት።»

አባትየው እጁን ከጭኑ ሥር አወጣ፤ ጣቶቹን አንዴ አራገፈ።

«ለቀቅኳት» አለና በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ፊቱን አላሳያትም።

ከቀትር በኋላ ባዶዋን ይዘዋት ወደ ፋብሪካው ወጡ። ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ጡብ የሚደርቅበት ሰፊ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ሆኖ ተንጣሏል፤ ወፍ የለም፣ ሰው የለም፣ ግራና ቀኝ የተደረደረ ጡብ ብቻ። ልጅቷ መሀሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ ወርዳ በፊት በኩል ዞረች፤ የአባቷን በር ከፈተች።

«ውረድ አባዬ።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ና ውረድ።»

እየተጎተተ ወረደ። ፊቱ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ፊት ነበር።

«ከዚህ በእግሬ ልሂድ ነው የምትዪው?»

«በዚያ በኩል ግባ» አለች፤ የሹፌሩን በር እያሳየችው።

አባትየው በሩን አየ፤ ልጁን አየ።

«ትከሻዬስ?»

«ትከሻ አትፈልግም፤ ሁለት ጣት ነው የምትፈልገው። ጭነት የለም፤ መንገዱ ሜዳ ነው።»

«ሐኪሙ…»

«ሐኪሙ ክንድህን ከደረትህ በላይ አታንሳ ነው ያለህ። ዘንጉ ከደረትህ በታች ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

አባትየው በፊት በኩል ሲዞር የአሮጊቷን አፍንጫ በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። በግራ እጁ ራሱን ስቦ ወጣ። ወንበሩን አስጠጋ፣ መስታወቱን አስተካከለ፣ ልጁ የሰቀለችውን ጨርቅ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አውርዶ ወረወረላት። ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አዳመጠው። አንደኛ። አሮጊቷ ሳትነጥር ተነሳች። ሁለተኛ። ቀኝ እጁን ዝቅ አድርጎ ዘንጉን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው፤ ከዚያ ጣቶቹን የሌላ ሰው ጣቶች እንደሆኑ ሁሉ አያቸው። ሦስተኛ ሲገባ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

«ወይ አንቺ ሴትዮ» አለ ለመኪናዋ። «ይህን ሁሉ ዘመን በትከሻዬ ስታስገፊኝ!»

የጡቡ ድርድር ግራና ቀኝ ማለፍ ጀመረ። ልጅቷ የተቀመጠችው በእሱ ወንበር ነው፤ ከዚህ በኩል ዓለም ሌላ መስላ ትታያለች። የግቢው መጨረሻ፣ ግንቡ፣ ብቅ አለ፤ መቅረብ ጀመረ። አባቷ ገና አልቀነሰም። ያዳምጣል። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ቀና አለች፤ ግራ እጇም ሳይታወቃት ከጉልበቷ ተነስቶ ሄደ፤ የማርሹ ዘንግ ላይ አረፈ።

«እጅ!» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

እጇን ሰብስባ ጭኗ ሥር ከተተችና በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ሳቀች።